ተኝቼ መዳን ያቃተኝ ጊዜ

ሕመሙ የጀመረኝ ጆንያ ተሸክሜ አይደለም። ሸበጤን ላጠልቅ ጎንበስ ብዬ ነው።

ጠዋት ነበር። በምኖርባት በሱዳኗ ገዳሪፍ ወደ እህል ገበያው ልሄድ ስወጣ ደጃፌ ላይ ጎንበስ አልኩ፤ አስነጠሰኝ። ከቂጤ ተነስቶ በግራ ጭኔ ጀርባ እስከ ተረከዜ የሚወርድ ነገር መታኝ። ኮረንቲ የያዘው ሰው የሚሰማው እንዲህ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ባለቤቴ የሺ «ምን ሆንክ?» ስትለኝ «ብርድ ነው» አልኳት። ድንጋዩ በሚግልበት በገዳሪፍ! እሷም ሳቀችብኝ፤ እኔም ስቄ ወጣሁ።

ሥራዬ ጫኝነት ነበር። ሰሊጥና ማሽላ ከመጋዘን አውጥተን ከባድ መኪና ላይ የምንጭን፣ ሁላችንም ከጎንደር በኩል የመጣን፣ አንድ ቡድን ነበርን። ወገብ ሲያም የጫኝ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ማጥበቅ። የየሺን መቀነት ወስጄ ከሸሚዜ ስር ጠመጠምኩት። ቀን ቀን ደግፎ የያዘኝ ይመስለኛል፤ ማታ ስፈታው ግን ቀጥ ብዬ መቆም ይሳነኛል። ጥበቅ፣ ታጠቅ፣ ወገብህን ያዝ እየተባለ ያደገ ሰው፣ «ላላ በል» ሲሉት እንደ ስድብ ነው የሚሰማው። ስለዚህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመርኩ አጠበቅሁ። ወጌሻም ዘንድ ሄጄ በዘይት ታሸሁ። ወጌሻው ጉልበት ነበረው፤ ከሱ ዘንድ ስመለስ እግሬን እየጎተትኩ ነበር።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ሰዎች ከኋላዬ እየጠሩ ይስቃሉ። ዞር ስል ግራ ሸበጤ መሀል መንገድ ላይ ቀርቷል። በባዶ እግሬ እየሄድኩ እንደሆነ አላወቅሁም።

ያኔ ፈራሁ።

ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ የግራ እግሬን አውራ ጣት በመርፌ ነካው። አልተሰማኝም። መዳፉን እግሬ ላይ አድርጎ ወደ ላይ እንድገፋው ነገረኝ። መግፋት አቃተኝ። ኤምአርአይ ተነሳሁ። ፎቶውን ብርሃን ላይ አድርጎ ሲያየው እኔ ፊቱን አይ ነበር።

«ዲስክ ነው» አለኝ በዓረብኛ። «በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንትህ መካከል ያለው ወጥቶ ነርቩን ተጭኖታል። ድሮ ቢሆን ለኦፕራሲዮን ካርቱም እልክህ ነበር። አሁን ያለውን ጦርነት ታውቃለህ።»

ፎቶውን ወደ ፖስታው መለሰና ቀጠለ።

«መድኃኒትና ፊዚዮቴራፒ እንሞክር። ሽንት ከከለከለህ ወይም ካመለጠህ፣ በጭኖችህ መካከል ከደነዘዘህ፣ ሰዓት ሳትጠብቅ ና። እግርህ ከዚህ ከባሰም ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።»

ሌላው መንገድ የቱ እንደሆነ አልነገረኝም። እሱም የሚያውቀው አልመሰለኝም።

ቡድናችን ደንብ ነበረው። ሰው ሲታመም ቦታው ወዲያው ለሌላ አይሰጥም፤ ከቤቱ አንድ ወንድ መጥቶ ይቆምለታል። ምትክ እንለዋለን። ምትክ እስካለ ድረስ ታማሚው ከቡድኑ አይወጣም፤ ልጆቹም ጦም አያድሩም። ምትኩ የቀረ ቀን ግን ሌላ ቤት ቦታውን ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ መመለስ የለም። በሰው አገር ለሚኖር ሰው ደህና ደንብ ነው። የሌላ ሰው ምትክ ሲመጣ እኔ ራሴ አመሰግነው ነበር።

በኔ ቤት ያለው ሌላ ወንድ ደሳለኝ ነው፤ የየሺ ታናሽ ወንድም። ከመተማ መጥቶ ከኛ ጋር ይኖራል። ልብስ ሰፊ ነው። ቀጭን፣ ጣተ ረጅም፣ ዝምተኛ። የሚሠራበት ሱቅ ባለቤት የጀለቢያ፣ የዚህ አገር ወንዶች ረጅም ቀሚስ፣ አንገት እንዲሰፋ ለማንም አይሰጥም፤ ለደሳለኝ ብቻ ነው የሚተወው። ማንም ሳይጠይቀው ጌታውን አስፈቅዶ፣ የስፌት መኪናውን በጨርቅ ሸፍኖ ከቡድኑ ጋር ወጣ። የመጀመሪያው ቀን ሲመለስ ማጅራቱ ተልጦ ነበር።

«አያ በላይ፣ ይሄን ያህል መክበዱን አላውቅም ነበር እኮ» አለኝ። «አንቱ እየሳቁ ነበር ወደ ቤት የሚገቡት።»

ሊያሞግሰኝ ነው። እኔን ግን ወጋኝ። እህቱን አገባሁ እንጂ እሱን ለሸክም አላገባሁትም ስል ለራሴ አጉረመረምኩ። ምሳውን እንኳን ዓይኑን እያየሁ መብላት ተሳነኝ።

ፊዚዮቴራፒ የሠራችልኝ ሙና ትባላለች። ከካርቱም ተፈናቅላ የመጣች የሱዳን ልጅ ናት፤ ሙያውን የተማረችው ሕንድ አገር ነው። ዮጋንም እዚያው ለምዳ፣ ለወገብ ሕሙማን ከሕክምናው ጋር እየመጠነች ትሰጣለች። እኔ ዮጋ ሲባል እግሩን ማጅራቱ ላይ የሚያጠልቅ ሰው ነበር የሚታየኝ፤ «የኔ እግር ጉልበቴም ጋ አይደርስ» አልኳት።

«ያ ዓም በላይ» አለችኝ፤ አጎቴ ማለቷ ነው። «የምናደርገው ሁለት ነገር ነው። አጥንትህን የሚይዘውን ጡንቻ እናጠነክራለን። ከዚያ እናሳርፈዋለን። አንዱ ያለ አንዱ አይሠራም። ሹያ ሹያ፣ ቀስ በቀስ።»

በደረቴ ተኝቼ በክርኔ እየተደገፍኩ አንገቴን ቀና ማድረግ አስተማረችኝ፤ እባብ ይሉታል። በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጉልበቴን አጥፌ መቀመጫዬን ከመሬት ማንሳት አለ፤ ድልድይ ነው። በእጅና በጉልበት ቆሞ ወገብን በጣም ሳያጎብጡ በትንሹ ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ፣ ከዚያም ቀኝ እጅንና ግራ እግርን አንድ ላይ መዘርጋት አለ። ይሄን የመጨረሻውን ግቢያችን ውስጥ ሰሌን ዘርግቼ ስሠራ፣ ጎረቤታችን ሐጂ ኑሩ በአጥር ላይ አዩኝ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ከመንገዱ ዳር ሱቅ አላቸው።

«በላይ፣ ምን ጠፋህ?» አሉኝ። «ወርቅ ከሆነ እኔም ልግባና ልፈልግ።»

እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ የበላይ ወርቅ ተገኘ ወይ እያለ ሲጠይቀኝ ዋለ።

መሳቁን ስቄያለሁ። የከበደኝ ሌላ ነው። ልምምዱ ሲያልቅ በጀርባ ተዘርግቶ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ መላ አካላትን ለቆ መተኛት አለ። ሻቫሳና ትለዋለች። ትርጉሙን ስጠይቃት «የሬሳ አተኛኘት» አለችኝ። አማተብኩ። ሬሳነቱ እንኳን ባልከፋ። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ደሳለኝ ነው። እኔ ጥላ ስር ተንጋልያለሁ፤ እሱ በዚያ ሰዓት ከነተላጠ ማጅራቱ ሰሊጥ ተሸክሞ በሳንቃው ላይ ወደ መኪናው እየወጣ ነው። መንጋጋዬ ይገጥማል፣ እጄ ይጨበጣል። ተነስቼ እቀመጣለሁ።

እና ምን አደረግሁ? ማጠንከሪያውን እጥፍ ሠራሁ፤ ማሳረፊያውን ተውኩት። ሥራ የሚመስለው እሱ ነዋ! ላብ አለው፣ ድካም አለው፣ የሺም ብታየኝ «እየጣረ ነው» ትላለች። ሙና በሄድኩ ቁጥር «መጨረሻ ላይ ትተኛለህ?» ትለኛለች። «እተኛለሁ» እላታለሁ። ዋሸኋት።

ሁዳዴ ገባ። እግሬ ትንሽ ተሽሎት፣ አውራ ጣቴም በትንሹ ይነቃነቅ ጀምሮ ነበር። ያኔ ነው የኛ አገር ሰው ብቻ የሚያስበውን ነገር ያሰብኩት። ይህ የሕንድ እንቅስቃሴ ካዳነኝ፣ ስግደት ደግሞ ሥጋንም ነፍስንም ይሠራል አልኩ። ያውም ለደሳለኝ ብዬ ከሰገድኩ፣ እሱ በጀርባው የሚከፍልልኝን እኔም በጉልበቴ እካፈለዋለሁ። ንስሐ አባቴን አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቃቸው የሚሉኝን አውቀው ነበር።

ጠዋት ጠዋት፣ የሺ ገበያ ስትወጣ እየጠበቅሁ ሰገድኩ። ግንባሬን መሬት አስነክቼ እነሳለሁ፣ ደግሜ እወርዳለሁ። ያማል። ማመሙን ወደድኩት። ያመመኝ ቀን ምሳ ከደሳለኝ ጋር መብላት ይቀለኝ ነበር።

አንድ ቀን ወረድኩ። አልተነሳሁም።

ግንባሬ አፈር ላይ ነው። ወገቤ ተቆልፏል። ግራ እግሬ የሰው ነው። ልጮህ ሞከርኩ፤ ትንፋሽ ስስብ ያመኛል። ጉንዳን ከዓይኔ ፊት ለፊት የሰሊጥ ፍሬ ይዛ ስታልፍ አየሁ። እንደዚያው ሆኜ ቆየሁ።

ያገኘኝ ደሳለኝ ነው፤ ለምሳ ሲመጣ። ምን ሲያደርጉ ነበር አላለኝም። ከግንባሬ ላይ አፈሩን አራገፈልኝና ሐጂ ኑሩን ጠራ፤ እሳቸውም ረክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለውን፣ አስጠሩ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ፤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ልክ ጫኝ እንደሚሰጠው። ሐጂ ኑሩ ከኋላ ደግፈው ጫኑኝ። የሱን የደነደነ ትከሻ ያየሁት፣ አየሁት ልበል፣ በደረቴ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ቆዳው ደርቆ ሻክሯል። ትንፋሹ ያጥራል። የጎድን አጥንቱ በሸሚዙ ላይ ይቆጠራል።

«አይዞዎት አያ፣ ረክሻው ደርሷል፤ ትንሽ ይቻሉት» ይለኛል።

ላሳርፈው ብዬ ስሰግድ ከርሜ፣ ይኸው እሱ ላይ ተጭኛለሁ። ፊቴን ማጅራቱ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ላብ መስሎት ይሆናል።

ሐኪሙ መረመረኝ። ስለ ሽንቴ ጠየቀኝ፣ ጭኔን ነካካኝ። ለአስቸኳይ የሚያደርስ ነገር አላገኘም። ሰው በጀርባው አዝሎ እንዳመጣኝ ሲሰማ ግን ተቆጣ፤ ሳንቃ ላይ አስተኝቶ ማምጣት ነበረበት አለ። ከዚያ ሙና መጣች። በደረቴ አስተኝታ በአከርካሪዬ ግራና ቀኝ ያለውን ሥጋ በአውራ ጣቷ እየተጫነች ወረደች።

«ይሄ ጡንቻ ወር ሙሉ አላረፈም» አለች። «ተኝተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አልኳት። እውነቱን ስነግራት ያ የመጀመሪያዬ ነበር። «ስተኛ የሚስቴ ወንድም ይታየኛል። እሱ በኔ ፈንታ እየተሸከመ እንዴት ልተኛ?»

ሙና ጣቷን ወገቤ ላይ አቆመች።

«እሱ የሚሸከመው አንተ እስክትድን ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ስንት ሳምንት ጨመርክበት?»

«ማዓለሽ» አለችኝ፤ ማዘኗ ነው። እጇን ከጀርባዬ አላነሳችም።

ቤት ተመልሼ አልጋ ላይ ስውል ንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ። ሁሉን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ጺማቸውን እየዳበሱ ሰሙኝ።

«ማን ስገድ አለህ?»

«ማንም፣ አባ።»

«የታመመ ስግደት እንደሌለበት አታውቅም?»

«አውቃለሁ።»

«በል እንግዲያው ቀኖና ልስጥህ። እስከ ፋሲካ በየቀኑ፣ ያቺ ሐኪም እንደነገረችህ አድርገህ፣ ትተኛለህ። ሳትነሳ። አሳብ ቢመጣብህም ሳትነሳ። ብትነሳ እንደ ገደፍክ ነው የምቆጥረው።»

የሺ ከጓዳ ሆና ስትስቅ ሰማኋት። እኔ አልሳቅሁም። ዕረፍት ቢሰጡኝ ኖሮ አልወስደውም ነበር፤ ቀኖና ግን እንዴት ይመለሳል?

እናም ተኛሁ። የማታውቁት ካላችሁ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ቀላል ይመስላልና። ሰሌን ላይ ወፍራም ጋቢ ታነጥፋላችሁ፣ ወገብ ከመሬት ጋር እንዳይታገል ከጉልበታችሁ ስር የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ታደርጋላችሁ፣ እጃችሁን ከጎናችሁ አርቃችሁ መዳፋችሁን ወደ ሰማይ ትተዋላችሁ። በአፍንጫ ትስባላችሁ፤ ስትለቁት ከሳባችሁበት ረዘም አድርጋችሁ ትለቃላችሁ። ከእግር ጣት እየጀመራችሁ፣ ባታችሁን፣ ጭናችሁን፣ ሆዳችሁን፣ የተጨበጠውን ሁሉ አንድ በአንድ እየፈለጋችሁ ትፈታላችሁ። እኔ መንጋጋዬ ጋ ስደርስ ነው የደነገጥኩት፤ ጥርሴን ስንት ዓመት ነክሼ እንደኖርኩ ያወቅሁት ሲላቀቅ ነው። ደሳለኝ ሁልጊዜ ይመጣብኝ ነበር። ሙና አታባርረው፣ አትከተለው፣ ወደ ትንፋሽህ ተመለስ አለችኝ። እመለሳለሁ፤ ደግሞ ይመጣል፤ ደግሜ እመለሳለሁ። ጸጸቱ ቀለለኝ ብላችሁ እዋሻችኋለሁ። አልቀለለኝም፤ ግን እጄን ሳልጨብጥ መጸጸት ለመድኩ።

ማጠንከሪያውንም አልተውኩም፤ ሙና መጠኑን ቀንሳ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ እንዳርፍ አድርጋ እንደገና አስጀመረችኝ። ድልድይ ሠርቼ እወርድና ትንፋሼ እስኪረጋጋ እቆያለሁ፤ እባብ ሠርቼ ጉንጬን ሰሌኑ ላይ አሳርፋለሁ። ድሮ የምጠላው ያ መሀሉ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ድልድዩ ከፍ የሚልልኝ በደንብ ያረፍኩ ቀን እንደሆነ አስተዋልኩ። ከፋሲካ በኋላ በግራ እግሬ እያነከስኩ እስከ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ደረስኩ፤ ሰንብቶም ሸበጡ ሳይወልቅብኝ ገበያ ደርሼ ተመለስኩ፤ አውራ ጣቴ አሁንም እንደ ቀኙ ብርቱ አይደለም፣ ግን የሙናን መዳፍ ገፋ ያደርጋል። ኦፕራሲዮኑ ቀረልኝ። ከባድ ሸክም ግን ዕድሜ ልክህን አታነሳም አለችኝ ሙና። ለቡድኑ አለቃ ለመናገር ቀን እየቀጠርኩ ቆየሁ፤ ቦታው የቤታችን እንጀራ ነውና አፌን ያዘኝ። እስከዚያ ደሳለኝ መሸከሙን ቀጠለ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቀን ደሳለኝ ለምሳ መጣና እግሩን ሊታጠብ ጎንበስ አለ። ሊነሳ ሲል በእጁ ጉልበቱን ገፍቶ ተነሳ። እኔ የማውቀው አነሳስ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ምኑ?»

«ደሳለኝ።»

እግሩን አድርቆ «አያ፣ አንቱ ሲተኙ እኮ አይ ነበር» አለኝ። «እንዴት ነው የሚተኙት?»

ምሳችንን ሳንበላ ሰሌኑን ዘረጋሁለት። ከጉልበቱ ስር ብርድ ልብሱን አደረግሁ። መዳፉን ገለበጥኩለት፤ የልብስ ሰፊ ጣቶቹ እንደ ገመድ ሻክረዋል። እግርህን ፍታ፣ ሆድህን ፍታ፣ ትንፋሽህን ረዘም አድርገህ ልቀቅ እያልኩ ቀስ ብዬ ነገርኩት። መንጋጋው ጋ ሳልደርስ አንኮራፋ። አጠገቡ ተቀምጬ ዝንብ እከለክልለት ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ የቡድኑ አለቃ ደጅ ላይ ተጣራ። መኪና መጥቷል፣ ሰው ጎድሏል።

«ደሳለኝስ?»

«ተኝቷል» አልኩት።

«ቀስቅሰዋ!»

«አልቀሰቅሰውም።»

«ታዲያ ማን ይምጣልኝ? ደንቡን ታውቃለህ፣ በላይ።»

አውቀዋለሁ። የሺ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ያ ቦታ የቤታችን እንጀራ እንደሆነ ከኔ በላይ የምታውቀው እሷ ናት። እኔ ራሴ ተነስቼ ልሄድ ቃጣኝ።

«ከዚህ ቤት የሚመጣ የለም» አልኩት።

አለቃው ክፉ ሰው አይደለም። ትንሽ ቆሞ «እግዜር ይማራችሁ» ብሎ ሄደ። የሺም፣ ፀሐዩ የወንድሟ ፊት ላይ እንዳያርፍ በሩን ገርበብ አደረገችው። በዚያው ቀን ቦታችን ለሌላ ቤት ተሰጠ።

ዛሬ እኔ የሐጂ ኑሩን ሱቅ እጠብቃለሁ፤ ቆሜ መዋል ስለማይሆንልኝ በየመሀሉ ጋደም የምልበት ሰሌን ከመደርደሪያው ኋላ አንጥፈውልኛል። ወርቁን እዚያ እየፈለገ ነው ይላሉ ለደንበኛ። የደሳለኝ ወገብ በሙና እጅ ጊዜው ሳያልፍበት ዳነ። የስፌት መኪናው ላይ ግን ሌላ ሰፊ ተቀምጦበት አገኘው፤ አሁን በዚያው የስፌት ሱቅ በረንዳ ላይ የተቀደደ ልብስ ይጠግናል። ጣቶቹ ለስልሰው የጀለቢያ አንገት እስኪይዙ ጊዜ ይፈልጋል። ይሄን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ ስለው «ኧረ ይተውኝ አያ» ይለኛል፤ መተው ግን አልሆነልኝም።

ከእግዚአብሔር ቀጥሎ ሙናን አመሰግናለሁ፤ አገሯ እየነደደ የሰው ወገብ ስታሳርፍ ትውላለችና። ሐኪሙን፣ አባን፣ ሐጂ ኑሩን፣ የሺን አመሰግናለሁ። ለደሳለኝ ምስጋና አይበቃም።

ወገባችሁን የምትታመሙ ወንድሞችና እህቶች፣ የኔ ዲስክ የናንተ አይደለም፤ ሳትመረመሩ ከኔ ጽሑፍ ተነስታችሁ እንቅስቃሴ አትጀምሩ። እግር ከደነዘዘ አትሸፋፍኑት። ሽንት ካስቸገራችሁ ዮጋም ወጌሻም አትበሉ፣ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ጡንቻችሁን አጠንክሩ፤ ባጠነከራችሁት ልክ አሳርፉት። የምታርፉት ሰው በናንተ ፈንታ እየደከመ ከሆነ ዕረፍቱ እንደ ስርቆት ይሰማችኋል፤ እኔም ተሰምቶኛል፣ ዛሬም ይሰማኛል። ቢሆንም ተኙ። የቆመላችሁ ሰው የሚያርፈው እናንተ ስትድኑ ነውና፣ ቶሎ ዳኑለት።